ቀጭኗ በስንት ዝናብ ትሞላለች?

አስካለች ልትፈታው የተነሣችው ጥያቄ አጭር ነበር፤ ቀጭኗ የምትሞላው ስንት ሚሊ ሜትር ሲዘንብ ነው?

ቀጭኗ ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ያለ አንድ የቡና እርሻን ለሁለት የምትከፍል ጅረት ናት። ስሟን ያወጡላት ቡና ለቃሚዎቹ ናቸው። በበጋ ሰው ጫማውን ሳያወልቅ በሦስት ድንጋይ ላይ እየረገጠ ያልፋታል። በመስከረምና በጥቅምት ግን፣ ልክ ቡናው ቀልቶ ለቀማው በሚሟሟቅበት ሰሞን፣ ሰማዩ እስከ ቀትር ብሩህ ሆኖ ይቆይና ከሰዓት በኋላ ይዘረገፋል። ጠዋት በድንጋዮቹ ላይ የተሻገሩት ለቃሚዎች ጆንያቸውን ተሸክመው ሲመለሱ ሦስቱም ድንጋዮች አይታዩም።

በ2008 ዓ.ም. በየነች የምትባል ለቃሚ «ደግሞ ለቀጭኗ!» ብላ ገባችባት። ውኃው ወገቧን ይዞ አንድ ሃምሳ ሜትር ያህል ወሰዳት። ጆንያዋን ለቅቃ የዛፍ ሥር ጨብጣ ተረፈች። አስካለች ወሬውን የሰማችው በማግስቱ ጠዋት፣ የዝናቡን መለኪያ በእጇ እንደያዘች ነበር። በመለኪያው ውስጥ የሌሊቱ ሳይሆን የትናንቱ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ነበረ፤ ሃምሳ ሁለት ሚሊ ሜትር። ቁጥሩን አየችው፣ ቀጭኗን አሰበቻት፤ ሁለቱ የሚተዋወቁ ነገሮች መሆናቸው ያን ዕለት ገባት። ዝናቡ እዚህ ቁጥር ሲደርስ ቀጭኗ እዚያ ትደርሳለች ማለት ከተቻለ፣ ለቃሚን አስቀድሞ «ዛሬ በላይኛው መንገድ ዙሩ» ማለት ይቻላል።

አስካለች በእርሻው የደመወዝ ዝርዝር ላይ «ተላላኪና ጽዳት» ተብላ ነው የተጻፈችው። ሰዓቱ ሲደርስ ሻይ ታቀርባለች፣ ደብዳቤ ታደርሳለች፣ ኮፒ ታነሣለች። ዝናብ መለካት የመጣባት በአጋጣሚ ነው። በ2000 ዓ.ም. ከሜትሮሎጂ አንድ አሠልጣኝ መጥቶ መለኪያውን በእርሻው ግቢ ተከለ፤ ሊሠለጥን የተመደበው ጸሐፊ በሦስተኛው ወር ሥራ ለቀቀ። ከቀሩት ሰዎች አለካኩን የምታውቀው፣ ሥልጠናው ሲሰጥ ወለል ስትጠርግ የነበረችው አስካለች ብቻ ነበረች። «እስቲ ሰው እስኪገኝ አንቺ ያዢው» አሏት። ሰው ሳይገኝ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሆነ።

ዕቃው ሲታይ ምንም አይደለም። አፉ ክብ የሆነ የቆርቆሮ ጣሳ፣ ከላይ ማጥለያ፣ ከውስጥ ውኃ የሚጠራቀምበት ዕቃ፣ ከጎኑ ደግሞ መስመር የተሰመረበት ቀጭን ብርጭቆ። ጠዋት በሦስት ሰዓት የተጠራቀመው ውኃ ወደ ብርጭቆው ይገለበጣል፤ ቁጥሩ ይነበባል፤ በትናንቱ ቀን ላይ ይጻፋል፤ ከዚያ ይደፋል። አለቀ። ግን አንድ ሚሊ ሜትር ምን ማለት እንደሆነ አሠልጣኙ የነገራትን ቀን አስካለች አትረሳውም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በሜዳው ሁሉ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ተኛ ማለት ነው። በአንድ ሄክታር ላይ ሲታሰብ ዐሥር ሺህ ሊትር ይሆናል። ሃምሳ በርሜል! ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትሄድ በየሜዳው በርሜል እየደረደረች ነው የሄደችው። ዛሬም ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲንጣጣ ሌላው ሰው ብርድ ሲሰማው እሷ በርሜል ትቆጥራለች።

ከበየነች አደጋ በኋላ ከበር ቀለም የተረፈውን ቀይ ቀለም ይዛ ወረደችና በመሻገሪያው አጠገብ ባለው ትልቅ ቋጥኝ ላይ ስድስት መስመር ሠራች፤ በየመስመሩ መካከል አንድ ክንድ። ከዚያ ወዲህ በመዝገቧ ከዝናቡ ቁጥር ጎን ሌላ ቁጥር መጻፍ ጀመረች፤ ውኃው የደረሰበት መስመር። ይህን ማንም አላዘዛትም። ቅጹ ላይ ቦታ ስለሌለው «ማስታወሻ» በሚለው ዓምድ ውስጥ አጣብቃ ትጽፈዋለች።

ባለፈው ጥር እርሻው በቀጭኗ ላይ የመኪና መሻገሪያ ሊሠራ ተነሣ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በጅረቷ ውስጥ የሲሚንቶ ቱቦ ይቀበራል፣ ከላዩ አፈር ይሞላል፣ መኪና በአፈሩ ላይ፣ ውኃው በቱቦው ውስጥ ያልፋሉ። ጥያቄው የቱቦው አፍ ስፋት ብቻ ነው። ቱቦው ከጠበበ አፈሩ ግድብ ይሆናል፤ ውኃው መሄጃ አጥቶ ወደ ኋላ ይተኛል። ከመሻገሪያው ኋላ ደግሞ፣ ዝቅ ባለው ሜዳ ላይ፣ የሠራተኞች ሰፈር አለ። ሠላሳ አራት ቤት ነው። አንዱ የአስካለች ነው።

መሻገሪያውን የሚሠራው ተቋራጭ የላከው ኢንጂነር ብሩክ ይባላል። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቀልጣፋ፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን በክንዱ ላይ ታቅፎ የሚዞር የአዲስ አበባ ልጅ ነው። የመጀመሪያው ስብሰባ ዕለት አስካለች ሻይ ይዛ ገባች፤ በሌላ ክንዷ አምስት ደብተሮች በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች።

«ማዘር፣ ሻዩን እዚያ ጋ አድርጊልኝ። አመሰግናለሁ» አለ ብሩክ ቀና ሳይል። ሻዩን አስቀምጣ ቆመች።

የእርሻው ሥራ አስኪያጅ አቶ ዓባይነህ ጉሮሮውን ጠረገ። «የዝናቡን መዝገብ የምትይዘው እሷ ናት።»

«እ? ጽዳቷ?»

«ጽዳትም ናት።»

ሾፌሩ ቲቶ ከበሩ ሥር ሆኖ «ሻዩንም ዝናቡንም በልክ ነው የምትቀዳው፤ ይጠንቀቁ» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ አስካለችም ሳቀች። ብሩክ ደብተሮቹን ተቀበለ፣ አንዱን ከፍቶ ገልጦ ገልጦ «በእጅ የተጻፈ» አለ። እንዲህ ያለው ለራሱ ነበር።

ብሩክ ሰነፍ አልነበረም፤ ይህን አስካለች ራሷ ትመሰክርለታለች። መዝገቡ እውነት መሆኑን የሚፈትንበት ዘዴ ፈለገ፣ አገኘም። ቲቶ ቀጭኗ በሞላች ቁጥር ፎቶ ማንሣት ይወዳል፤ ስልኩ ውስጥ ካለፉት አራት ዓመታት የስድስት ጎርፎች ፎቶ አለ፤ እያንዳንዱ ፎቶ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ቀንና ሰዓት አለው። ብሩክ የአስካለችን ቀኖች ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለሰና ከፎቶዎቹ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ጎርፍ ባለበት ቀን ዝናብ ካለ መዝገቡ እውነት ነው፤ ከሌለ አይደለም። ጥሩ ፈተና ነው።

በሁለተኛው ቀን ውጤቱን ይዞ መጣ። አቶ ዓባይነህ፣ ቲቶና አስካለች ነበሩ።

«ከስድስቱ ጎርፎች አራቱ ልክ ናቸው» አለ ብሩክ። «ሁለቱ ግን ዝናብ የላቸውም። ኦክቶበር ዐሥራ አምስትን እዩ፤ ፎቶው ላይ ውኃው ቋጥኙን ሊውጥ ደርሷል፤ በመዝገቡ ያን ቀን ዜሮ ነው የተጻፈው።»

«ከበፊቱ ቀን ዝናብ የመጣ ቢሆንስ?» አለ አቶ ዓባይነህ።

«ይቺ ጅረት ጭራዋ አጭር ነው። የዘነበላትን ሦስት ሰዓት አትይዝም።» ከዚያ ወደ አስካለች ዞረ፤ ድምፁንም ለስለስ አደረገ። «ማዘር፣ አትቀየሚኝ። ሰው ነሽ፤ አንዳንድ ቀን ይደክማል፣ ጭቃውም አያስወጣም። ቤት ቁጭ ብሎ አንድ ቁጥር ጣል ማድረግ ያለ ነው። ስንት ቦታ አይቻለሁ።»

«እኔ ያልለካሁትን ጽፌ አላውቅም» አለች አስካለች።

«እሺ፣ እሺ።»

አቶ ዓባይነህ የሻይ ብርጭቆውን በጣቱ ያዞራል። ብሩክ ቀጠለ፤ ከእንግዲህ በሚዛን ከተማ የዝናብ ሠንጠረዥ እንደሚሠራ፣ በዚያ ስሌት ደግሞ አፉ ስድሳ ሳንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ በቂ እንደሆነ ተናገረ። አስካለች ሰሃኑን ሰብስባ ወጣች። ስድሳ ሳንቲ ሜትር ማለት አንድ ልጅ ተኮራምቶ የሚገባበት ጉድጓድ ነው። ከተማው ደግሞ ከኮረብታው ማዶ ነው ያለው። እዚህ አገር ዝናብ እንደ ዘመድ ጥየቃ ነው፤ አንዱን ቤት ይገባል፣ ሌላውን ያልፋል። እርሻው ከኮረብታው ሥር ስለተቀመጠ ደመናው ሲከብደው የሚያራግፈው እሱ ላይ ነው። ይህን ለማወቅ ዐሥራ ሰባት ዓመት ፈጅቶባታል፤ ለማጣጣል ሁለት «እሺ» በቃ።

በረንዳው ላይ ቲቶ ተከተላት። «እትዬ አስካለች፣ ዝም ይሉታል? አፍ ዳገት አይፈራም፤ ዳገቱን ያሳዩት እንጂ! እኔ ብሆን ነገ ሻዩን በጨው ነበር የማቀርብለት።»

«ሻዩ ምን አደረገ?»

«እንግዲያ ይጩሁበት።»

«ጮኼ ጮኼ ስጨርስ መዝገቡ ዜሮ እንዳለ ነው» አለች።

ከሰዓት በኋላ ብሩክ ብቅ ብሎ አንድ ወረቀት ሰጣት። «ማዘር፣ ሦስት ኮፒ።» ወረቀቱ ያው ሠንጠረዥ ነበር፤ በአንድ በኩል የእሷ ዝናብ፣ በሌላ በኩል የቲቶ ፎቶዎች፣ ከታች ደግሞ «የቦታው መረጃ የማይታመን» የሚል መስመር። ማሽኑ ወረቀቱን እየበራ ሲያነብበው ቆማ አየችው። ከዚያ ሦስቱን ይዛ ወደ አቶ ዓባይነህ ገባች።

«የእኔ ሥራ ያለበት ወረቀት ነው» አለችው። «አራተኛ ኮፒ ለራሴ ላንሣ?»

አቶ ዓባይነህ ወረቀቱንም እሷንም አየና «አንሺ» አላት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ፣ ኮፒውንና ብሩክ የመለሰላትን ደብተሮች ዘረጋች። የመጀመሪያ ሥራዋ ራሷን መጠርጠር ነበር። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይባላል፤ የዚህ ነገር ሥሩ ደግሞ ከሦስት ቦታ በአንዱ ነው ያለው። ወይ እሷ ቀን አሳስታ ጽፋለች። ወይ የቲቶ ስልክ ቀን ተሳስቷል። ወይ ደግሞ በእሷና በስልኩ መካከል የሆነ ቦታ አንድ ነገር ጠፍቷል። ዝናብ የላቸውም የተባሉት ሁለቱ ጎርፎች መቼ እንደነበሩ ፈለገች። አንዱ መስከረም 19፣ ሌላው ጥቅምት 4፣ ሁለቱም በ2016። አራቱ ልክ የሆኑት በ2014፣ በ2015 እና በ2017 ነበሩ። እዚህ ላይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሰው ሲደክመው ዓመት መርጦ አይደክመውም። እሷ ሰነፍ ብትሆን ኖሮ ስንፍናዋ በየዓመቱ ተበትኖ ይገኝ ነበር እንጂ ለምን በ2016 መግቢያ ላይ ይከማቻል?

ደብተሯን ከፈተች። ከቀኑ ጎን ሁልጊዜ የሳምንቱን ቀን ትጽፋለች፤ እሑድ ወደ ጸሎት ቤት ከመሄዷ በፊት መለካት ስላለባት የጀመረችው ልማድ ነው። ጥቅምት 4፣ እሑድ፣ 61.4፣ አምስተኛ መስመር። ቲቶን ጠራችው፤ ቤቱ ከእሷ ሦስተኛው ነው።

«የዚያን ፎቶ ቀን ስልክህ ላይ አሳየኝ። ቁጥሩን አይደለም፤ ምን ቀን እንደዋለ።»

ቲቶ ጣቱን አንሸራተተ። «ኦክቶበር ዐሥራ አምስት… እሑድ።»

«እሑድ?»

«እሑድ ነው እንጂ፤ ነጭ ሸሚዜን ለብሻለሁ፣ ይኸው።»

አስካለች የብሩክን ሠንጠረዥ ወደ ራሷ ሳበች። ብሩክ ጥቅምት 4ን ኦክቶበር 14 ብሎታል። ኦክቶበር 14 በቲቶ ስልክ ቅዳሜ ነው። የእሷ እሑድና የፎቶው እሑድ አንድ እሑድ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ወረቀት ብቻ ቅዳሜ ሆኗል። ወር በሁለት ስም ሊጠራ ይችላል፣ ዓመትም በሁለት ቁጥር ይቆጠራል፤ እሑድ ግን ለፈረንጅም ለሐበሻም እሑድ ነው!

ታዲያ አንዱ ቀን የት ገባ? ደብተሯን ከጥቅምት ወደ መስከረም፣ ከመስከረም ወደ ጳጉሜ ወደ ኋላ ገለጠች፤ እዚያ አገኘችው። ከማተሚያ ቤት የሚመጣው ቅጽ ለጳጉሜ አምስት መስመር ብቻ ነው ያለው። በ2015 መጨረሻ ላይ ግን ከአምስቱ በታች በማስመሪያ የተሰመረ፣ ቀለሙ የተለየ፣ ስድስተኛ መስመር አለ። የሠራችው እሷ ናት። ጳጉሜ 6፣ ሰኞ፣ 3.2። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜ አንድ ቀን ትጨምራለች፤ በዚያ ዓመት መስከረም አንድ እንደ ሌላው ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ይውላል፤ ፈረንጆቹም በፌብሩዋሪ የራሳቸውን ቀን ጨምረው እስኪደርሱብን ድረስ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ተገፍቶ ይቆያል። የብሩክ ሠንጠረዥ ጳጉሜን በአምስት ዘግቶ አልፏል። ስለዚህ መስከረምና ጥቅምት 2016 ብቻ ተሳሳቱ። ስለዚህ የቀሩት አራቱ ልክ ሆኑ። ሁሉም ነገር ገጠመ! አስካለች ብድግ ብላ በቤንችኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ቲቶ «ምን አሉ?» ሲላት መልሳ ሳቀች።

«አሁን በቃ ሰኞ ስብሰባው መሀል ያውጡበት» አለ ቲቶ እጁን እያፋተገ። «አናቱ ላይ ያፍርጡት!»

የቀረው ቀን ስለዚሁ ስታስብ አለፈ። በሰው ፊት ብታወጣበት ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ስሕተቱን አይጥልም፣ ያቅፈዋል፤ ሌላ ምክንያት ፈልጎም ቢሆን ስድሳ ሳንቲ ሜትሩን ያጸድቃል። ብቻውን ብትነግረው ደግሞ በጓዳ ያስተካክለውና ያልፋል፤ አቶ ዓባይነህ ግን እሷን ቁጥር የምትፈጥር ሴት እንደሆነች አድርጎ ይዟት ይቀራል። ነገ ሌላ ቁጥር ይዛ ስትመጣ ማን ይሰማታል? ቱቦውና ስሟ አንድ ላይ ታስረዋል። የምትፈልገው ሁለቱን አንድ ላይ የሚፈታ መንገድ ነበር።

ሰኞ ጠዋት መለኪያዋን ካነበበች በኋላ ወደ ጅረቷ ወረደች። ብሩክ ቋጥኙ አጠገብ ቆሞ በሜትር ይለካል።

«ኢንጂነር፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ? ጥቅምት አራት፣ 2016፣ በእርስዎ ሠንጠረዥ ምን ቀን ዋለ?»

«ኦክቶበር ዐሥራ አራት።»

«ከሳምንቱስ?»

ስልኩን አወጣ። «ቅዳሜ።»

ደብተሩን ከፍታ ሰጠችው። እሑድ የሚለውን አየ። ገጹን ወደ ኋላ ገለጠችለት፤ በእጅ የተሰመረውን መስመር አሳየችው። ብሩክ መስመሩን በጣቱ ተከተለ። ከዚያ ፊቱ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ።

«ጳጉሜ ስድስት» አለ። «ይሄን ማን ያስባል?»

«ያን ቀን የለካ ሰው ያስባል።»

ትንሽ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ቆመ። «አስተካክለዋለሁ። ቀላል ነው፤ ችግር የለም።»

«ቁጥሩን ያስተካክሉታል፤ አውቃለሁ። ችግሩ ግን አለ» አለች አስካለች። ዓይኗን ከቀይ መስመሮቹ አላነሣችም። «ቤት ቁጭ ብላ ቁጥር ትጥላለች ያሉት በአቶ ዓባይነህ ፊት ነው። እኔ ስለ ራሴ ብናገር ልመና ይሆንብኛል። እዚያው ክፍል፣ እነዚያው ሰዎች ባሉበት፣ እርስዎ ይንገሩልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

ብሩክ ሜትሩን ጠቀለለ። «እሺ» አለ፤ የዛሬው እሺ አንድ ብቻ ነበር።

በስብሰባው ላይ ነገሩን መጀመሪያ ሊያድበሰብሰው ሞከረ። «ትንሽ የቀን ማስተካከያ አድርገናል» አለ፤ «አድርገናል» በሚለው ውስጥ ማን እንዳለ አልታወቀም። አስካለች በሩ አጠገብ ቆማ ጠበቀች፤ ትሪው በእጇ ነው። ብሩክ አያት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሲናገር ቃላቱ በፍጥነት ወጡ፤ «ስሕተቱ የእኔ ነው። ጳጉሜን በአምስት ቆጥሬ ነው። የወይዘሮ አስካለች መዝገብ ስድስቱም ላይ ልክ ነው። ያልለኩትን ጻፉ ያልኩትን አንሥቻለሁ።»

ቲቶ ከኋላ አንድ ጊዜ አጨበጨበ፤ ማንም ስላልተከተለው እጁን ኪሱ ከተተ። አቶ ዓባይነህ «ጥሩ፣ ጥሩ» አለና ወዲያው ወደ ቱቦው ጉዳይ ገባ። ይቅርታ አላለም። አስካለች ይህን ልብ አለችው፤ ዝም ብሎ ብርጭቆ ሲያዞር የነበረ ሰውም የሚያነሣው ነገር ነበረው። ግን ቱቦው ይቀድማል።

«እንግዲህ መዝገቡ ልክ ከሆነ ቱቦው ስንት ይሁን?» አለ አቶ ዓባይነህ።

ብሩክ ወደ አስካለች ዞረና የመጀመሪያውን እውነተኛ ጥያቄ ጠየቃት። «ስድሳ አንድ ሚሊ ሜትሩ በስንት ደቂቃ ነው የወረደው?»

የአስካለች መለኪያ የሚነበበው በቀን አንድ ጊዜ ነው። ውኃው ተጠራቅሞ ይጠብቃታል፤ በእርጋታ ይምጣ በጥድፊያ አይነግራትም። ያኔ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አላት። በአንድ ሰኔ ሰባ አራት ሚሊ ሜትር ዘንቦ ቀጭኗ ከሁለተኛው መስመር አላለፈችም ነበር። ያን ጊዜ መስመሮቹን አበላሽቼ ሠርቻለሁ ብላ ራሷን ወቅሳ ነበር። ለካ ያ ዝናብ ሲያካፋ ያደረ ነው! የጥቅምቱ ስድሳ አንድ ደግሞ ቲቶ ከጸሎት ቤት ወጥቶ ምሳውን እስኪጨርስ ያለቀ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «በስንት ሚሊ ሜትር?» ብላ ስትጠይቅ ቀጭኗ የምትመልሰው ለሌላ ጥያቄ ነበር፤ «በስንት ደቂቃ?»

«አላውቅም» አለች።

ይህን ለማለት ፈርታ ነበር። ብሩክ ግን እስክሪብቶውን በጥርሱ ነክሶ «እኔም አላውቅም» አለ። «ከተማውም አያውቀውም። ያለዚያ ደግሞ በግምት ነው የምሠራው።»

«ዝናቡ በመጋቢት ይጀምራል» አለች አስካለች። «ጊዜ ይሰጠኝ፤ ልለካው።»

አቶ ዓባይነህ ቀን ቆጠረ። የቱቦው ትእዛዝ ግፋ ቢል እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ሊቆይ ይችላል። እስከዚያ በቂ ልኬት ከተገኘ በእሱ ይሠራል፤ ካልተገኘ ስድሳ ሳንቲ ሜትሩ ይታዘዛል። አስካለች አንድ ነገር ብቻ ጨመረች። «ሲያጉረመርም ሥራዬን ትቼ እወጣለሁ። ሻይ ካለ ይቆያል።» አቶ ዓባይነህ ትንሽ ካሰበ በኋላ ፈቃዱን በጽሑፍ ሰጣት።

ዘዴውን ያገኘችው በራሷ ነው። በዝናብ መሀል ቆሞ ብርጭቆ ማንበብ አይቻልም፤ ጠብታው ከውጭም ይገባል፣ ዓይንም አያይም። ስለዚህ ማንበቡን ለበኋላ ትታ መሰብሰቡን ብቻ በዝናብ ውስጥ ለመሥራት ወሰነች። ዐሥራ ሁለት ባዶ የውኃ ሃይላንድ ሰበሰበች፤ በማርከር ከአንድ እስከ ዐሥራ ሁለት ቁጥር ጻፈችባቸው፤ በለስላሳ ሳጥን ውስጥ ደረደረቻቸው። ዝናብ ሲጀምር አንደኛውን ከማጥለያው ሥር ታስቀምጣለች። ስልኳ በየዐሥር ደቂቃው ይጮኻል፤ ሲጮኽ አንዱን አውጥታ ክዳኑን ታጠብቃለች፣ ቀጣዩን ታስገባለች። ዝናቡ ሲያባራ ቢሮ ገብታ፣ እጇን አድርቃ፣ ሁሉንም በተራ ወደ ብርጭቆው እየገለበጠች ታነባለች። ዐሥራ ሁለት ሃይላንድ ሁለት ሰዓት ይሸፍናል። በዚያው ጊዜ ቲቶ ከቋጥኙ በላይ ካለው ከፍታ ላይ ቆሞ በየዐሥር ደቂቃው ቀይ መስመሮቹን ፎቶ ያነሣል። የሁለቱን ስልክ ሰዓት ከዝናቡ በፊት ጎን ለጎን አድርጋ ታስተያያለች። ከጳጉሜው ወዲህ ይህን አትዘልም።

የመጀመሪያው ዝናብ ተበላሸባት። ወረዳ ደብዳቤ ልታደርስ ሄዳ ሳለ ጀመረና ስትደርስ አርባ ደቂቃው አምልጧት ነበር። ሁለተኛው ሙሉ ሆነ፤ ግን ደካማ ዝናብ ነው፤ ከስምንቱ ሃይላንድ ትልቁ አራት ሚሊ ሜትር ብቻ ያዘ፣ ቀጭኗም ከመጀመሪያው መስመር አልወጣችም። ሦስተኛው ይሻላል፤ በአንድ ሃይላንድ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር መጣ፤ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ጅረቷ ሁለተኛውን መስመር ነካች። ሃያ ደቂቃ! አስካለች ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ለለቃሚ ሃያ ደቂቃ ብዙ ነገር ነው። ብሩክ ሌላ ሥራ ላይ ማጂ ሄዷል፤ ማምሻውን እየደወለ «ወይዘሮ አስካለች፣ ስንት ሃይላንድ ሞላ?» ይላታል፤ ቁጥሮቹን ታነብለታለች፤ ይጽፋል። «አንድ ኃይለኛ ዝናብ ካገኘን ስሌቱ ይሟላል» ብሏታል። አንድ ኃይለኛ።

ዛሬ ሚያዝያ ሃያ አንድ ነው። ከቀትር በኋላ ከኮረብታው ራስ ላይ ደመናው ጠቆረ፤ ነፋሱ የቡናውን ቅጠል ገለበጠ። አስካለች የያዘችውን ፋይል ጠረጴዛው ላይ ትታ ሳጥኑን አንሥታ ወጣች። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ወፍራም ናቸው። አንደኛው ሃይላንድ ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላው ከግማሽ አለፈ፤ ሁለተኛው እስከ አንገቱ ሞላ። እንዲህ ዓይነቱን በእጇ ይዛ አታውቅም። ዣንጥላዋ ተገልብጦ ሄዷል፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። ሦስተኛውን አውጥታ ክዳኑን ስታጠብቅ ስልኳ ጮኸ፤ ማንቂያው እንደገና የጮኸ መስሏት ነበር፤ ቲቶ ነው።

«እትዬ!» ይላል፣ ከውኃው ድምፅ በላይ እየጮኸ። «ሦስተኛዋን መስመር አለፈች!»

አስካለች አራተኛውን ሃይላንድ ከማጥለያው ሥር አስገባች።

«ሰዓቱን ንገረኝ» አለችው።